ይህን ስም ማን ያውቀዋል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ሐራ፣ በቁጥጥር ኮሚቴው ጸሐፊ የቀረበ ንግግር

  ይህ ንግግር በዜና መጽሔታችን ላይ ስለሚወጣ፣ በሩቅ ሆናችሁ የምትደግፉንም ታነቡታላችሁ።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ቡና ላይ የተወራውን ሳይሆን ወረቀቱ የሚለውን ነው። ከባንክ የወጣው የሒሳብ መግለጫችን፣ ስቴትመንት የምንለው፣ እዚሁ ቤት ሲነበብ አንድ መስመር ላይ ስንደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። ወጪ 18,400 ብር። የተቀባዩ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ፣ ቀጥሎ «አውቶ ስፔር ፓርትስ ኢምፖ» ይልና እዚያው ላይ ይቆረጣል። ሰውየውን የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ መኪና የለንም።

በሳምንቱ ሐራ ውስጥ «የሴቶቹ ገንዘብ መኪና ተገዛበት» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው መርሳ ደርሶ የመኪናው ቀለም ሳይቀር ታወቀ። ከለጋሾቻችን አንዱ፣ ለሴቶች ሥራ ማስጀመሪያ የተሰጠ ገንዘብ መለዋወጫ ቤት ምን ሊያደርግ ሄደ ብለው በትሕትና ጻፉልን፤ መልሱን እስኪያገኙ ቀጣዩን ክፍያ እንደሚያዘገዩም ነገሩን። ገንዘብ ያዣችን ሁለት ስብሰባ ቀሩ። ማንም በስማቸው አልጠራቸውም፤ ዓይን ሁሉ ግን ወደ እሳቸው ነበር።

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እያጠራጠርኩ ላቆያችሁ አልፈልግም። ገንዘቡ አልጠፋም። የባጃጃችን ሞተር የወረደ ጊዜ ለተገዛው ዕቃ የተከፈለ ነው፤ እናንተው እጅ አውጥታችሁ የፈቀዳችሁት ወጪ። ታዲያ የራሳችንን ግዢ እንዴት አጣነው? ኮሚቴው ሦስት ቀን የፈጀው ይህን ሲፈልግ ነው።

ከስሙ ልጀምር፤ ትልቁ ነገር እሱ ነውና።

መካኒኩ የሚያስፈልገውን ጻፈልን፦ ሲሊንደር ከነፒስተኑና ከነፋሻው፣ የክላች ሸራ፣ ሁለት ኩሽኔታ። ሾፌራችን ዝርዝሩን ይዞ ወልድያ ወደምናውቀው ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ዕቃው በእጁ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ባለሱቆች የሚያደርጉትን አደረገ፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወዳለ ደንበኛው ደወለ። ሶማሌ ተራን ያላያችሁ ካላችሁ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሱቅ አልፎ መንገድ ላይ የሚዘረጋበት ሰፈር ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚፈለግ ዕቃ መጨረሻው እዚያ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጣልን። (የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ሥራ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ደጃችን ድረስ በመጣ ነበር፤ እሱን ደግሞ ገና እንጠብቃለን።) ዕቃው ከአዲስ አበባ ስለመጣ ገንዘቡም በቀጥታ ለአዲስ አበባው ሰው ተላለፈ። እኛ በልባችን የያዝነው የወልድያውን ሱቅ ታፔላ ነው። ባንክ ግን ታፔላ አያውቅም፤ ባንክ የሚያውቀው ሒሳቡ የተከፈተበትን ስም ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ አይደለም። በአገራችን አብዛኛው ሱቅ የአንድ ሰው ንብረት ነው። ታፔላው ላይ የልጁን ስም ወይም የተወለደበትን መንደር ይጽፋል፤ የንግድ ፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ ግን በራሱ ስም ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ትናንት በሰው ስም የምናውቀው ሱቅ ዛሬ በድርጅት ስም ሊመጣብን ይችላል። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደሉ አለ። ወልድያን እንኳ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት አድርገው ሲጽፏት አይታችኋል፤ የሰው ስምማ እንዴት ይሁን? እኛንም እዩን። ሐራ ላይ ሰው «የባጃጇ ሴቶች» ነው የሚለን። ባንክ ሄዶ «የባጃጇ ሴቶች» ብሎ ሒሳባችንን የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘንም።

ስለዚህ ስምን በስም መፈለግ አይበቃም። ታፔላውንና የባንኩን ስም የሚያገናኘው ደረሰኙ ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ አናቱ ላይ የነጋዴውን ሕጋዊ ስምና አሥር አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይይዛል። በዚያ ቁጥር የንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ የንግድ ፈቃዱን ማየት ይቻላል፤ ከልጆቻችን አንዷ በስልኳ ከፍታ አሳየችን፤ ደቂቃም አልፈጀባት። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ስቴትመንቱ ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ አገኘነው። ስቴትመንቱ የቆረጠውን «ኢምፖ» ደረሰኙ ጨርሶ ጽፎታል።

ደረሰኙ የት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ባጃጇ ወንበር ሥር። ከዕቃው ጋር ካርቶኑ ውስጥ ስለመጣ ሾፌሩ እንዳይጠፋ ብሎ እዚያ ከተተው፤ በቅባት ተለውሶ፣ ግን ሳይቀደድ ተገኘ። ከእሱ ላይ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም የሚጠየቅ አልመሰለውም።

አሁን ወደ ቀኑ ልሂድ፤ ጥርጣሬውን ያባባሰው እሱ ነበርና። ስቴትመንቱ ላይ 14/02 ይላል። ሁለተኛው ወር በእኛ ጥቅምት ስለሆነ «ጥቅምት 14» ተብሎ ተነበበ። በጥቅምት ደግሞ ባጃጇ ደህና ነበረች፤ ከመርሳ ሐራ ስትመላለስ ነው የከረመችው። «ታዲያ ለምን ተከፈለ?» የሚለው ከዚያ መጣ። ባንኩ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያ ቀን ፌብሩዋሪ 14፣ 2025 ነው፤ በእኛ አርብ፣ የካቲት 7፣ 2017። የቃለ ጉባኤ መዝገባችንን ስንገልጥ ግዢው የተፈቀደው በዚያው ሳምንት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ለየቤታችሁም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ያላችሁ፣ ገንዘብ ሲተላለፍ ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን መልእክት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደላት ኤፍ እና ቲ የሚጀምር መለያ ታገኛላችሁ። ከፊደላቱ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው። ከእነሱ የሚከተሉት ሦስቱ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ወዲህ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የእኛው 25045 ይላል፤ የ2025 ዓመት 45ኛው ቀን። ጃንዋሪ 31 ቀን ነው፤ ከ45 ላይ 31 ሲነሣ 14 ይቀራል፤ ፌብሩዋሪ 14። ሽንኩርትና ማንጎ የምትሸጡ እኅቶች ይህን ያዙልኝ። የቆየ መልእክት ላይ ቀኑን ብቻ ቀይሮ «ይኸው ልኬልሻለሁ» የሚል ገዢ መለያ ቁጥሩን መቀየር ይረሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእሱን ስልክ ሳይሆን የራስን ሒሳብ ማየት ነው።

የገንዘቡ መጠንም አነጋግሯል። ቃለ ጉባኤያችን የፈቀደው 16,000 ብር ነው፣ የወጣው 18,400። 2,400 ብሩ የት ገባ? ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የ16,000 አሥራ አምስት በመቶ። ፕሮፎርማው ላይ ከታች በትንሽ ፊደል «ታክስን አይጨምርም» ይላል፤ ለስብሰባው የተነበበው የላይኛው ቁጥር ብቻ ነበር። የባንኩ የአገልግሎት ክፍያና በእሱ ላይ የሚታሰበው ታክስ ለየብቻቸው በሌላ መስመር ተጽፈዋል። ሌላም አለ፦ ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ማለቴ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው አልቆመም። ባለሱቆች ፕሮፎርማውን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚያጸኑት። ባለፈው ዓመት ክላች ሸራ በስንት እንደገዛን እያስታወስን የዛሬውን ሒሳብ ብንመረምር ሁልጊዜ ሌባ እናገኛለን።

አሁን ከበዱ ወደሚለው ልምጣ። ክፍያውን ማን አዘዘ?

ለለጋሾቻችንም ይህን ማስረዳት ይገባኛል፤ በእናንተ አገር ነገሩ የተለየ ነውና። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ካርዱን ለሱቅ ይሰጣል፤ ገንዘቡን ከሒሳቡ የሚስበው ሱቁ ነው። ያልታወቀ ስም እዚያም ይመጣል፤ የመለዋወጫ ሱቁ በእናት ድርጅቱ ስም ሲያስከፍል፣ ወይም ለስም የተተወው ቦታ አጭር ስለሆነ ስሙ ሲቆረጥ። እዚያ ግን ሱቅ ሳያዙት ሊስብ ስለሚችል ለባለ ካርዱ ከለላ አለ፤ በአሜሪካ ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ ባለ ክሬዲት ካርዱ ሒሳቡ በተላከለት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቃወም ይፈቅድለታል።

የእኛ ማኅበር ሒሳብ እንደዚያ አይደለም። ካርድ የለውም፣ ከስልክ ጋርም አልተያያዘም። አንድ ብር የሚወጣው ሁለት ፈራሚ ፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ ሲታዘዝ ነው። ማንም ከውጭ እጁን ዘርግቶ አይወስድም። ስለዚህ ያልታወቀ ስም ስቴትመንታችን ላይ ከመጣ ከእኛው መካከል ሰው ፈርሞበታል ማለት ነው። የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ጥያቄው ወዲያው ወደ ሰው የሚዞረውም ለዚህ ነው። የሚያጽናናውም ይኸው ነው፤ መልሱ አዲስ አበባ አይደለም፣ የራሳችን ሣጥን ውስጥ ነው። የክፍያ ማዘዣው ቀሪ አለ፣ የፈራሚዎቹ ስም አለ፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ሦስቱም ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። ገንዘብ ያዣችን ሁሉንም በቅደም ተከተል አስቀምጠውታል፤ የጎደለው ደረሰኙ ብቻ ነበር፣ እሱም በእሳቸው እጅ አልገባም። ይህን በማኅበሩ ፊት መናገር የኮሚቴው ግዴታ ነው። እትዬ፣ ከበሩ አጠገብ መቀመጥዎን አይቻለሁ፤ አብሽሩ፣ ቦታዎ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ነው።

መጠየቃችሁ ልክ ነበር። ያን መስመር አይቶ ዝም የሚል ማኅበር ገንዘብ ሊኖረው አይገባም። ችግሩ ግን የምንጠይቀው ስንጠረጥር ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ገና ከአፍ ሲወጣ ክስ ይሆናል። በቅሬአችን እንዴት እንደምናደርግ አስቡ። የቅሬው ጸሐፊ መዋጮ ያልከፈለውን ብቻ ለይቶ አይጠራም፤ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ የሁሉም ስም ይጠራል፣ ማንም አይቀየምም። ስቴትመንቱንም ከአሁን በኋላ በየወሩ፣ እያንዳንዱን መስመር፣ ባይጠረጠርም፣ እንዲሁ እናነበዋለን።

ደግሞ ወረቀቱ ራሱ የሚከበር ነገር ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ይህ አካባቢ በተያዘ ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ የስንቱ ቤት ሰነድና መዝገብ ተቃጠለ፣ ተበተነ። ባንክ ውስጥ የተመዘገበ ሒሳብ ግን ከቅርንጫፉ መዘጋት ጋር አልጠፋም፤ ባንኮቹ ሲከፈቱ ቁጥሩ እንዳለ ጠበቀን። በእጅ ከምንጽፈው ደብተር ጎን እሱ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ እውነተኛ ሌብነትና ስሕተትም ትንሽ ልበል፤ «ሁሉም ነገር ግዢ ነው» ብዬ እንዳሳስታችሁ። የማኅበሩ ሒሳብ በፊርማ ይጠበቃል፣ የየግላችሁ ግን ስልካችሁ ላይ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶሻል፣ የሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው፤ ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። ቁጥሩን የምታምኑት የጎረቤት ልጅም ቢሆን ሊያውቀው አይገባም፤ ያኔ ገንዘቡን ያዘዛችሁት እናንተ ትመስላላችሁ። ያላዘዛችሁት ወጪ ስታዩ የንግድ ባንክ ደንበኞች ወዲያው 951 ደውሉ፣ በማግስቱ ደግሞ መለያ ቁጥሩን ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ። ሳምንት ከቆየ ገንዘቡ ከተላለፈበት ሒሳብ ወጥቶ ያልቃል።

በስሕተት ለሌላ ሰው የገባ ገንዘብም በሕግ ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 ሳይገባው የተከፈለውን ሰው እንዲመልስ ያዛል። ሆኖም ባንኩ ብዙ ጊዜ የተቀባዩን ፈቃድ፣ ካልሆነም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ጊዜ ይወስዳል። በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያወጡና ያስተላለፉ ጊዜ ባንኩ ማን ስንት እንደወሰደ ለይቶ አብዛኛውን ማስመለስ የቻለው እያንዳንዱ መስመር ስምና ሰዓት ስለነበረው ነው። ባንክ ያህል ተቋም የሚተማመነው በዚያው እኛ በምንፈራው መስመር ነው።

ኮሚቴው ያቀረበው ለውጥ ትንሽ ነው። ፈራሚዎቻችን ክፍያ ሲያዝዙ «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ባዶ አይተዉም፤ የባጃጇን ሰሌዳ ቁጥርና የዕቃውን ስም ይጽፉበታል፤ ስሙ ቢቆረጥ እንኳ ምክንያቱ ይነበባል። ከሱቁ ሌላ ሰው ገንዘቡን የሚቀበል ከሆነ ፕሮፎርማው ጀርባ ላይ ስሙ ይጻፋል፣ ባለሱቁ ይፈርምበታል። ለስብሰባ የሚቀርበው ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ይሁን። ሾፌሩም ደረሰኝ ሳያስረክብ የሳምንቱን ሒሳብ አይዘጋም፤ ተስማምቷል። ለጻፉልን ለጋሽ የደረሰኙን፣ የቃለ ጉባኤውንና የስቴትመንቱን ቅጂ ልከናል። ባጃጇ ሴቶችን ሥራ ከማስጀመር ጋር ምን አገናኛት ለሚለው ጥያቄ፣ ከቀን ገቢዋ በዚህ ዓመት ብድር የወሰዱትን አባላት ዝርዝር አያይዘናል።

አንድ ያልተፈታ መስመር ቀርቷል። ከዚያው ስቴትመንት መጨረሻ ገጽ ላይ 345 ብር ወጪ አለ፤ ስም የለውም፣ አጭር ምልክት ብቻ ነው የተጻፈበት። የአገልግሎት ክፍያ ይመስላል፤ መምሰሉ ግን አይበቃንም፣ ማዘዣም አላገኘንለትም። ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ የተቀበሉበት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ፋይሉ ውስጥ ነው። መልሱ ሲመጣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል። ፋይሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ነው፤ ማንበብ የማትችሉ የሚያነብላችሁን ልጅ ይዛችሁ ኑ።